«ሴት የላከው ሞት አይፈራም»፦ ላኪዋስ ማን ነበረች?

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር አያቴ ሻማ ግዛ ብላ ሱቅ ትልከኝ ነበር። ሱቁ ቅያሱ ጫፍ ላይ ነው። መንገዱ ጨለማ፣ ውሻው ደግሞ ብዙ። በር ላይ ቆሜ ሳመነታ «ሂድ እንጂ! ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» ትለኛለች። እሄዳለሁ። ምን ምርጫ አለኝ?

ተረቱ በሁለት መልክ ይነገራል። አንዱ ጅብ አይፈራም ይላል፤ ሌላው ሞት አይፈራም። ጅቡ ለቤትና ለሰፈር ነው፣ ሞቱ ለዘመቻ። ዛሬ ግን ሁለቱንም የምንጠቀመው ለቀልድ ነው። ጓደኛችን እጮኛው ስለደወለችለት በዶፍ ዝናብ ከጀሞ ቦሌ ሲሮጥ «ተወው፣ ሴት የላከው ነው» እንላለን።

የተረቱ ፍሬ ነገር ፍቅር ብቻ አይደለም፤ እፍረትም አለበት። የድሮ ዘማች ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው የሴቶች ግጥም ነው። ጀግና ከሆነ ይዘፈንለታል፣ ከሸሸ ይገጠምበታል። አንዴ በግጥም የተሰደበ ሰው ስሙን በምን ያጥበዋል? ስለዚህ ጦር ሜዳ መሞቱ ይቀለዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ እቴጌ ጣይቱ ያመነታውን ሠራዊት «አይዞህ! ድሉ የኛ ነው፤ በለው!» ብለው እንዳበረቱት ይነገራል። ያን ቃል ሰምቶ ወደ ኋላ የሚል ወንድ ከየት ይመጣል?

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። «ሴት የላከችው» አይልም፤ «ሴት የላከው» ነው የሚለው። የተረት ቋንቋ ሴትን በጅምላ ሲጠራ እንዲህ በወንድ አንቀጽ ያስራታል። «ሴት ያመነ ጉም የዘገነ» ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የባለቤትነት ቦታ እንኳ የላትም፤ የሚታመን ነገር ብቻ ናት። በእኛም ተረት የሚጀግነው የተላከው ነው። ላኪዋ ስም የላትም፣ ከደጃፉም አትወጣም።

እውነተኛዎቹ ላኪዎች ግን ስም ነበራቸው። ጣልያን ሀገራችንን በያዘባቸው አምስት ዓመታት (ቅኝ ተገዛን አንልም፣ ወረራ ነው የምንለው) የውስጥ አርበኞች ሥራ በአብዛኛው መላክ ነበር። ጥይት መላክ፣ ስንቅ መላክ፣ ወሬ መላክ። ሸዋረገድ ገድሌ ንብረታቸውን ሸጠው ለአርበኞች መሣሪያ ልከዋል። ተይዘው ተሠቃይተዋል፤ ጣልያን አገር አሲናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። ሲመለሱም አልተቀመጡም። የአዲስ ዓለም ምሽግ ሲጠቃ እሳቸው ራሳቸው ነበሩበት።

ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ደግሞ ተረቱን ጨርሶ ገለበጡት። ትውልዳቸውን ስንቆጥር አፄ ዮሐንስ፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ ሥዩም፣ ከዚያ ከበደች ብለን ነው። ሦስት ወንድ ተሻግረን እሳቸው ላይ እንደርሳለን። (መንገሻን አፄ ዮሐንስ «ልጄ ነው» ብለው በይፋ የተናገሩት መጋቢት 1881 መተማ ላይ ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።) ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ የራስ ካሣ ኃይሉ ልጅ ናቸው። ራስ ካሣ ከሸዋ ነገሥታት ዘር የሚቆጠሩት ደግሞ በእናታቸው በወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ በኩል ነው። የዚያን ሁሉ መኳንንት የዘር ሐረግ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የምታያይዘው አንዲት ሴት ናት ማለት ነው። ስሟን የሚያነሳ ግን ስንት ሰው ነው?

ሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲገቡ ደጃዝማች አበራ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ከተማዋ አልተለቀቀችም። በታኅሣሥ 1929 ጣልያኖች ሰላሌ ፍቼ ላይ ለአበራና ለወንድማቸው ለአስፋወሰን ነፍሳችሁ ትተርፋለች የሚል ተስፋ ላኩ። ወንድማማቾቹ እጅ ሰጥተው ገቡ፤ ተገደሉ። ሌላው ወንድማቸው ወንድወሰንም በዚያው ወር ተገድሏል። ራስ ካሣ በአንድ ወር ሦስት ልጅ አጡ።

ከበደች ግን አልገቡም። ነፍሰ ጡር ነበሩ። የባላቸውን ተከታዮች ሰብስበው ውጊያውን ራሳቸው መምራት ያዙ። በዱር ወልደው የአራስነት ጊዜያቸው ሳይሞላ ወደ ፍልሚያ እንደተመለሱ ይነገራል። የሚላክ ወንድ አልቀረም፤ ራሳቸውን ላኩ።

በእኛ አሰያየም ልጅ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ነው። የከበደች ልጆች አበራ ካሣ እየተባሉ ይቀጥላሉ፤ የከበደች ስም ከልጆቿ ስም ኋላ የለም። ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር እናቶችን እናስታውሳለን፣ ዝምድና እንዳይጋጭ። ሠርጉ ሲያልፍ እንረሳለን። የአርበኛ ቅድመ አያት አለን የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ቅድመ አያቱን ማን ስንቅ እንዳቀበለው፣ ማን ጥይት እንደደበቀለት ጠይቁና መልሱን ስሙ። «ሚስቱ ትሆናለች» ይሏችኋል።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ይህን ሳስብ ሰንብቼ አንድ ቀን አያቴን የአያቷን ስም ጠየቅኳት። የአባቷን ወገን እስከ ላይ ወረደችልኝ፤ ማዕረጉም፣ ርስቱም፣ የተዋጉበትም ተራራ ሳይቀር። «የእናትሽ እናትስ?» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ትንሽ ዝም አለች።

«እኛ እማማ ነበር የምንላት» አለችኝ።