በውጭ አገር የሚሠሩ የእንግሊዝኛ መምህራን ሰነዶች በአሠሪ እጅ መያዝ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሰነድ ይዞ ማስቀረት ማለት አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም ሌላ ኦርጅናል ወረቀት ከተረከበ በኋላ ባለቤቱ ሲጠይቅ አለመመለሱ ነው። ስለዚህ ድርጊት የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የቤት ሠራተኞችን፣ የግንባታ ሠራተኞችንና ዓሣ አጥማጆችን ይመለከታል፤ በእነርሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ በመሆኑ ይህ ተገቢ ነው። ከአገራቸው ወጥተው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ጉዳይ ግን ቢነሳ እንኳ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ መምህር ዲግሪ ያለውና ውሉን አንብቦ የፈረመ ሰው ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስበትም ተብሎ ይታሰባልና። ይህ ዳሰሳ በአመዛኙ የተመረኮዘው በየአገሩ በወጡ ሕጎችና በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጉዳዩን ለመረዳት በአደራና በመያዣ መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል። አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤቱ በጠየቀው ጊዜ ይመልሳል፤ መያዣ የተቀበለ ግን ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አይለቅም። የመምህራን ሰነድ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአደራ ይሰጣል። ቅሬታው የሚነሳው አደራው ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ መያዣነት ሲለወጥ ነው።

ሰነዱ አሠሪው እጅ የሚገባበት መንገድ

አዲስ መምህር በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የትምህርት ቤቱ ጉዳይ አስፈጻሚ ፓስፖርቱን፣ የዲግሪውን ኦርጅናል፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃውን፣ የማስተማር ሰርተፊኬቱንና ጉርድ ፎቶግራፎቹን ይሰበስባል። የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ያለ እነዚህ ወረቀቶች ስለማይወጣ ጥያቄው በራሱ ሕጋዊ ነው። በቻይና ለምሳሌ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመግቢያና የመውጫ አስተዳደር ሕግ ለሥራ የገባ የውጭ ዜጋ በ30 ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ፖሊስም ማመልከቻው ከገባ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዛል። በእነዚህ ቀናት ፓስፖርቱ ፖሊስ ዘንድ ቢቆይ ለባለቤቱ ማመልከቻውን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ይኸው ሕግ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ወይም ሌላ የጉዞ ሰነዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ስለሚያስገድድ፣ ፓስፖርት መሳቢያው ውስጥ የሚያስቀር ትምህርት ቤት ሠራተኛውን በየቀኑ ሕግ ተላላፊ ያደርገዋል ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ነው። ፓስፖርቱ ከመንግሥት ቢሮ ሲመለስ ወደ ባለቤቱ ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ከሌሎች መምህራን ፓስፖርቶች ጋር በላስቲክ ታስሮ ካዝና ውስጥ ይገባል። መምህሩ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ጨዋ ነው፦ “ቁልፉ ያለው ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፤ እሳቸው ሰኞ ይገባሉ”፣ ወይም “እዚህ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ቤት ውስጥ ይጠፋብዎታል”። ሰኞ ሲደርስ ለሌላ ሰኞ ይቀጠራል። እምቢ ያለ ሰው የለም፤ ፓስፖርቱም የለም። ብዙ መምህራን ሰነዳቸው መያዙን በትክክል የሚረዱት ከወራት በኋላ፣ ለዘመድ ሐዘን ወይም ለዕረፍት ለመሄድ ሲነሱ አልያም ሥራ ለመልቀቅ ማስታወቂያ ሲሰጡ ነው።

ከፓስፖርቱ ይልቅ ዲግሪው ሲያዝ ብዙም አይስተዋልም፤ ጉዳቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ይበልጣል። ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ኤምባሲው ምትክ ይሰጠዋል። ለውጭ አገር ሥራ የተዘጋጀ ዲግሪ ግን በአገሩ ተረጋግጦ፣ በ1961ዱ የሄግ ስምምነት መሠረት አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ተለጥፎበት ወይም ተቀባዩ አገር ከስምምነቱ ውጭ ከሆነ በኤምባሲ ማኅተም ጸድቆ የመጣ ወረቀት ነው። ቻይና ስምምነቱን ተግባራዊ ያደረገችው በኖቬምበር 7 ቀን 2023 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ወደዚያ የሄደ መምህር ሁሉ ረጅሙን የኤምባሲ መንገድ ተጉዟል። ይህን ሥራ ከባሕር ማዶ ሆኖ እንደገና ማስጀመር ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዲግሪው የተያዘበት መምህር አውሮፕላን መሳፈር ቢችልም ሌላ ትምህርት ቤት መቀጠር አይችልም።

አሠሪዎች የሚያቀርቡት ምክንያትም መጠቀስ አለበት። ለቪዛ፣ ለአውሮፕላን ትኬትና ለአገናኝ ኤጀንሲ ገንዘብ ያወጣ ትምህርት ቤት መምህሩ በመንፈቅ አጋማሽ ያለ ስንብት ቢሄድ ኪሣራው እውነተኛ ነው፤ ልጆቹም ያለ አስተማሪ ይቀራሉ። መምህር ክፍሉን በትኖ የሚሄደው ግን አንዳንድ ጊዜ ደመወዙ ሲቀርበት ወይም የተዋዋለው ነገር ሲታጠፍበት ነው። ያም ሆነ ይህ ውል በማፍረስ የሚመጣ ዕዳ በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ዕዳ ነው፤ ፓስፖርት በመያዝ የሚከፈል ዕዳ የለም። በአሜሪካና በብሪታንያ ፓስፖርቶች ላይ በግልጽ እንደተጻፈው ፓስፖርት የሰጪው መንግሥት ንብረት ስለሆነ፣ ያዡ ራሱ በመያዣነት ሊያስይዘው የሚችለው ዕቃ እንኳ አይደለም።

ሕጎቹ

ከ2000 በፊት ስለ ድርጊቱ በቀጥታ የሚናገር ሕግ ጥቂት ነበር፤ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1930ው የግዳጅ ሥራ ስምምነት ቁጥር 29 የግዳጅ ሥራን ቢተረጉምም ስለ ሰነድ ምንም አይልም።

ጉዳዩን በስሙ የጠራው የ1990ው የስደተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መብት ስምምነት አንቀጽ 21 ነው። አንቀጹ በሕግ ሥልጣን ከተሰጠው የመንግሥት ሹም በቀር ማንም ሰው የማንነት ወይም የመኖሪያ ሰነድ መውረስ፣ ማጥፋት ወይም ለማጥፋት መሞከር እንደማይችል ይደነግጋል፤ ሹሙም ቢሆን ሲወስድ ዝርዝር ደረሰኝ መስጠት አለበት። ደረሰኝ የሚለው ቃል እዚህ ውስጥ መግባቱ ስምምነቱን ያረቀቁት ሰዎች ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚበላሽ በደንብ ያውቁ እንደነበር ያሳያል። ስምምነቱ በጁላይ 2003 ሥራ ላይ ቢውልም ቻይና፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮርያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ማለትም የእንግሊዝኛ መምህራን በብዛት የሚሄዱባቸው አገሮች፣ አላጸደቁትም። በ2011 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ሠራተኛው የጉዞና የማንነት ሰነዱን በእጁ የመያዝ መብት እንዳለው ቢደነግግም የሚሸፍነው የቤት ሠራተኞችን ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከዘረዘራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ የማንነት ሰነድ መያዝ ነው። ይሁንና አንድ ምልክት ብቻውን የግዳጅ ሥራ መኖሩን ላያረጋግጥ ስለሚችል፣ ደመወዙ በወቅቱ የሚከፈለው ነገር ግን ፓስፖርቱ ያልተመለሰለት መምህር በዚህ ስም ሊጠራ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ አስተያየቶች ይለያያሉ።

በየአገሩ ያለው ሕግ ከዓለም አቀፉ ይልቅ ጥርስ አለው። ከሁሉ ግልጽ የሆነው የደቡብ ኮርያ የኢሚግሬሽን ሕግ ሲሆን፣ የውጭ ዜጋን ፓስፖርት ወይም የመመዝገቢያ ካርድ ለውል ወይም ለዕዳ መያዣ አድርጎ መቀበልን ይከለክላል፤ የጣሰ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የቬትናም የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 17 ከማንነት ወረቀት አልፎ የዲፕሎማና የሰርተፊኬት ኦርጅናል መያዝን ጭምር ስለሚከለክል ለመምህራን ከሁሉ የቀረበ ነው፤ በ2022 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 12 ቅጣቱን ለግለሰብ አሠሪ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶንግ አድርጎ ለድርጅት እጥፍ አድርጎታል። በታይዋን የቅጥር አገልግሎት ሕግ መሠረት የውጭ ሠራተኛን ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ካርድ ያለ አግባብ የያዘ አሠሪ ከ60,000 እስከ 300,000 የታይዋን ዶላር ይቀጣል። የማሌዥያ የ1966ቱ የፓስፖርት ሕግ የሌላን ሰው ፓስፖርት ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ይዞ መገኘትን እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 10,000 ሪንጊት ቅጣት ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። በአሜሪካ ከ2000 ጀምሮ ሰነድን ለግዳጅ ሥራ ወይም ለሰው ንግድ ሲባል መያዝ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ጃፓን ለቴክኒክ ሠልጣኞች ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ ለሌሎች የውጭ ሠራተኞች፣ መምህራንን ጨምሮ፣ ያለው ግን ቅጣት የሌለው መመሪያ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ከከፋላ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው፤ በዚህ ሥርዓት የሠራተኛው ሕጋዊ መኖሪያ በስፖንሰሩ ላይ ይመሠረታል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2000 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ፓስፖርት መያዝን ከልክላለች፤ ከማርች 2021 ወዲህ ደግሞ የግል ዘርፍ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ እንዲወጡና በተወሰኑ ሁኔታዎች ሥራ እንዲቀይሩ ተፈቅዷል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሚሠራው የሥራ ሕግ አንቀጽ 13 አሠሪ የሠራተኛውን ይፋዊ ሰነዶች እንዳይዝ ደንግገዋል። የቀጠር የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 21 እስከ 25,000 ሪያል ያስቀጣል፤ ሆኖም ሠራተኛው በጽሑፍ ከጠየቀ አሠሪው ፓስፖርቱን ሊያስቀምጥለት ይችላል። ይህ የጽሑፍ ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። ቤቱ የማይዘጋ ወይም በጋራ የሚኖር ሰው በእርግጥ ይጠቅመዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው የሥራ ቀን ከውሉ ጋር ከሌሎች 10 ወረቀቶች መካከል ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ቅጽ ላይ የሚኖር ፊርማ ጥያቄ ሊባል አይችልም።

ያልተወሰደ ሰነድ፦ መልቀቂያ

በመምህራን ዘንድ ከፓስፖርቱ በላይ የሚያስጨንቀው ጉዳይ፣ ሕጎቹም ደካማ የሚሆኑበት ቦታ ይኸኛው ነው። አሠሪው የሠራተኛውን ወረቀት መያዝ ቢከለከል እንኳ ራሱ ብቻ ሊጽፈው የሚችለውን ወረቀት ባለመጻፍ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። በደቡብ ኮርያ ኢ-2 በሚባለው የቋንቋ መምህራን ቪዛ ላይ ያለ ሰው ውሉ ሳያልቅ ትምህርት ቤት ለመቀየር በመሠረቱ የቀድሞ አሠሪውን መልቀቂያ ይፈልጋል። በቻይናም አዲሱ ትምህርት ቤት የሥራ ፈቃዱን ለማዛወር የቀድሞው አሠሪ የሰጠው የስንብት ማረጋገጫና ፈቃዱ የተሰረዘበት ወረቀት ይጠይቃል። በጁላይ 2021 ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የግል አስጠኚነት ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ወጥቶ በርካታ የእንግሊዝኛ ማሠልጠኛዎች ሲዘጉ፣ ጥያቄው ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ከተዘጋ ማኅተሙን የሚመታው ማን ነው የሚል ሆነ።

የቻይና የሥራ ውል ሕግ ከ2008 ጀምሮ አሠሪ ውሉ ሲቋረጥ ማረጋገጫውን እዚያው እንዲሰጥ፣ የሠራተኛውን ማኅደርና የማኅበራዊ ዋስትና ዝውውርም በ15 ቀናት ውስጥ እንዲያጠናቅቅ ያስገድዳል፤ ባለመስጠቱ ለደረሰ ጉዳትም ካሣ ያስከፍላል። የሕጉ አንቀጾች ሁሉ ለውጭ ሠራተኞች እኩል ይሠራሉ ወይ በሚለው ላይ ግን ፍርድ ቤቶች ከከተማ ከተማ የተለያየ አቋም ይይዛሉ። ከዚያም በላይ ጊዜ ከመምህሩ ጋር አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን የታወቀ ነው፤ ክርክሩ የሚያበቃበት ቀን ግን አይታወቅም። ስለዚህ ብዙዎች የመጨረሻ ወር ደመወዛቸውን ወይም የውል ማጠናቀቂያ ክፍያቸውን ትተው መልቀቂያውን ይወስዳሉ፤ ክፍያ ሁሉ ተጠናቅቋል የሚል ወረቀት ላይም ይፈርማሉ።

ከሁሉ የከፋው የሥራ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ሁኔታ ነው። በጎብኚ ወይም በንግድ ቪዛ ገብተው እንዲያስተምሩ የተደረጉ መምህራን ስለ ፓስፖርታቸው ለፖሊስ ቢያመለክቱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ ራሳቸው ነው። ደቡብ ኮርያ ለእንግሊዝኛ መምህራን ኢ-2 በመሠረቱ የምትቀበለው የ7 አገሮችን ዜጎች መሆኑን የመሰለ ገደብ፣ ሙያው ኖሯቸው የተፈለገው ዜግነት የሌላቸውን መምህራን ወደዚህ ጥግ ይገፋቸዋል።

የማስመለስ ሙከራዎች

ልምድ ያላቸው መምህራን ሰነድ ሲያስረክቡ የሰነዱ ቁጥር፣ የተሰጠበት ምክንያት፣ የሚመለስበት ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ደረሰኝ ያስፈርማሉ፤ ዲግሪን በተመለከተ ከኦርጅናሉ ይልቅ የተረጋገጠ ኮፒ በቂ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቃሉ። ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ በኋላ ለሠራተኛ ቢሮ ሲቀርብ ነገሩን ከቃል ክርክር ያወጣዋል። ካልተመለሰም ቀጣዩ እርምጃ ቀነ ገደብ ያለው የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ፣ ከዚያ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው፣ ወንጀል በሆነበት አገር ደግሞ ወደ ፖሊስ መሄድ ነው።

ኤምባሲ አሠሪን የማስገደድ ሥልጣን የለውም፤ በ1963ቱ የቪዬና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 5 መሠረት ግን ለዜጋው ፓስፖርት ወይም የጉዞ ሰነድ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዳንዴም አንድ የስልክ ጥሪው ካዝናውን ያስከፍታል። አዲሱ ሰነድ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዱ ስለማይኖር ከአገር ለመውጣት ተጨማሪ ማረጋገጫ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ፓስፖርቴ ጠፋ ብሎ እንዲያመለክት የሚመክሩት አሉ፤ ይህ ግን ሐሰተኛ ቃል ከመሆኑም በላይ የተያዘ ሰነድን የጠፋ ያስመስላል፣ አሠሪውንም ከተጠያቂነት ያወጣዋል። ትክክለኛው አገላለጽ ፓስፖርቱ በማን እጅ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳለ ለቆንስላው በጽሑፍ ማስረዳት ነው። ጠፋ ተብሎ የተመዘገበ ፓስፖርት ይሰረዛል፤ ቁጥሩም ኢንተርፖል በ2002 ወዳቋቋመው የጠፉና የተሰረቁ የጉዞ ሰነዶች መዝገብ ሊገባ ስለሚችል፣ አሠሪው በማግስቱ ቢመልሰው እንኳ ባለቤቱ በእሱ ድንበር መሻገር አይችልም።