ቀመሩን ያውቁታል፣ ኳሷን ግን ይስቷታል፦ በፊዚክስ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዲስ ክፍል ስገባ ሁልጊዜ የማስቀድማት አንድ ጥያቄ አለች። ኳስ ወደ ላይ ወረወርን እንበል። ኳሷ ከእጃችን ተላቃ ሽቅብ እየሄደች ነው፤ ገና ጫፍ አልደረሰችም። በዚህች ቅጽበት ምን ምን ኃይል ያርፍባታል? የአየሩን ተቃውሞ እንተወውና በቀስት ሥላችሁ አሳዩኝ እላለሁ። አብዛኛው ተማሪ ሁለት ቀስት ይሥላል፤ አንዱ ወደ ታች፣ “ስበት” ተብሎ፣ ሌላው ወደ ላይ፣ “የውርወራው ኃይል” ተብሎ። የላይኛውን ደግሞ ያስረዝሙታል፤ ኳሷ ወደ ላይ እየሄደች ነዋ! ትክክለኛው መልስ ግን አንድ ቀስት ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ታች።

እነዚሁ ልጆች የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በቃላችሁ በሉ ቢባሉ ሳይደናቀፉ ይወጡታል፤ ኃይል = መጠነ ቁስ × ፍጥንጥነት። ስለዚህ የጎደለው ቀመር አይደለም። ቀመሩ እንደ ዓረፍተ ነገር አልተነበበም። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ “ባለቤቱ ማነው? ተሳቢውስ?” ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ እዚህም መጠየቅ ነበረብን። ከዚህ በታች ያሉትን ስሕተቶች ሳርም ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚሁ ጥያቄ ነው።

“የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው ኃይል አለው”

ይህ የሞኝ ስሕተት አይደለም። ጠረጴዛ ስንገፋ ይሄዳል፣ ስንተወው ይቆማል። አርስቶትል ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ለእንቅስቃሴ ገፊ ያስፈልገዋል ያለው ከእንዲህ ያለው ትዝብት ተነሥቶ ነው፤ ሐሳቡም ለብዙ መቶ ዓመታት ተከብሮ ኖሯል። ዓይናችን ያላየው አንድ ባለ ጉዳይ ግን አለ፤ ሰበቃ። ጠረጴዛው የቆመው እኛ መግፋት ስለተውን ብቻ አይደለም፤ ወለሉ ወደ ኋላ መያዙን ስላልተወ ነው። ጋሊሊዮ ለስላሳ በሆነ ዘቅዛቃ ላይ ኳስ እያንከባለለ ያስተዋለው ይህንን ነው። ሰበቃው በቀነሰ ቁጥር ኳሷ ርቃ ትሄዳለች፤ ሰበቃው ጨርሶ ባይኖርስ? አትቆምም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሐሳብ የመጀመሪያ ሕጉ አደረገው።

ማስረጃው አሁንም ከራሳችን በላይ እየተጓዘ ነው። ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1977 ተወንጭፋ ዛሬም በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች ከፀሐይ ትርቃለች። የሚገፋት ሞተር የለም። ያሏት ትናንሽ ሞተሮች አንቴናዋን ወደ መሬት እንድታዞር የሚረዷት ናቸው እንጂ ጉዞዋን አይነዱም። እንዲያውም የፀሐይ ስበት ወደ ኋላ ስለሚጎትታት ፍጥነቷ እጅግ በትንሹ እየቀነሰ ነው።

በቀመሩ ውስጥ ያለው “ኃይል” በአካሉ ላይ ያረፉት ኃይሎች ሁሉ አቅጣጫቸው ታስቦ ተደምረው የሚተርፈው ነው። “ፍጥንጥነት” ደግሞ ፍጥነት አይደለም፤ ፍጥነት በየሴኮንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚነግረን ነው። ሣጥን በ50 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) ስንገፋ ሰበቃው በ50 ኒውተን ቢመልሰን የሚተርፈው ኃይል ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ግን ቆሟል ማለት አይደለም፤ ፍጥነቱ አይለወጥም ማለት ነው። ሲሄድ ከነበረ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚሄድ መኪናም የሚያርፍበት የተጣራ ኃይል ዜሮ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚነበበውን ግርምት እወደዋለሁ፤ ያኔ በእውነት ማሰብ ጀምረዋልና።

ወደ ኳሷ እንመለስ። እጃችን ኳሷን የገፋው እስከነካት ድረስ ነበር። ከተለቀቀች በኋላ ይዛ የሄደችው ፍጥነትን እንጂ ኃይልን አይደለም። ኃይል እንደ ስንቅ ተቋጥሮ አይያዝም፤ በሁለት አካላት መካከል በሚሆነው መስተጋብር ብቻ የሚኖር ነገር ነው። “የውርወራው ኃይል” የሚለው ቀስት የሚገፋ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ከሥዕሉ ይወጣል።

“ኳሷ ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍጥንጥነቷ ዜሮ ነው”

ፍጥነቷ ነው ዜሮ የሆነው። ኳሷን በሴኮንድ 20 ሜትር ወደ ላይ ወርውሩና የስበቱን ፍጥንጥነት ለሒሳብ እንዲመች 10 አድርጉት። ከ1 ሴኮንድ በኋላ ፍጥነቷ 10 ነው፣ ከ2 ሴኮንድ በኋላ 0፣ ከ3 ሴኮንድ በኋላ 10 ወደ ታች። በየሴኮንዱ ለውጡ ያው 10 ነው፤ ጫፍ ላይም አላቋረጠም። ፍጥነትም ፍጥንጥነትም በአንድ ላይ ዜሮ ቢሆኑ ኖሮ ኳሷ እዚያው ተንጠልጥላ በቀረች ነበር።

“ከባድ ነገር ቀድሞ ይወድቃል”

መሬት ከባዱን ነገር አብልጣ ትስባለች፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከባዱ ነገር ፍጥነቱን ለመለወጥም በዚያው ልክ ያስቸግራል። መጠነ ቁሱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ እጥፍ ይሆናል፣ የሚንቀሳቀሰውም ቁስ እጥፍ ነው፤ በቀመሩ መጠነ ቁስ ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል፣ የሚቀረው 9.8 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ለሁሉም እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለበት በጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። እኩል አረፉ። እኛ ዘንድ ላባ የሚዘገየው አየሩ ስለሚይዘው ነው። ሁለት እኩል ወረቀት ውሰዱና አንዱን ጨብጣችሁ አድቦልቡሉት፤ ክብደቱ አልተለወጠም፣ አወዳደቁ ግን ተለወጠ።

“እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ይጣፋሉ”

ከኒውተን ሕጎች ሁሉ በቃል የሚታወቀውና በትርጉም የሚሳተው ሦስተኛው ነው። ጎበዝ ተማሪ ይነሣና “ፈረሱ ጋሪውን በጎተተው ልክ ጋሪው ፈረሱን ወደ ኋላ ከጎተተው እንዴት ይንቀሳቀሳሉ?” ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ድንቅ ነው፤ በሚገባ መመለስም አለበት።

እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። “ገፋችው” ስንል በአንዲት ግስ ውስጥ ገፊዋም ተገፊውም አሉ። ሦስተኛው ሕግ የሚለው “ሀ ለን ከገፋ፣ ለም ሀን በዚያው ልክ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋል” ነው። ተሳቢዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ኃይል ያረፈው በለ ላይ፣ ሌላው በሀ ላይ። የሚጣፉት በአንድ አካል ላይ ያረፉ ኃይሎች ብቻ ናቸው። እኔ ከኪሴ መቶ ባወጣና እናንተ ኪሳችሁ መቶ ብትጨምሩ ድምሩ ዜሮ ነው ብሎ ማንም ሀብታችን አልተለወጠም አይልም።

ጋሪው ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ የምንቆጥረው በጋሪው ላይ ያረፉትን ብቻ ነው፤ የፈረሱ ጉተታ ወደ ፊት፣ የመንገዱ ተቃውሞ ወደ ኋላ። ጉተታው ከበለጠ ጋሪው ይፈጥናል። ፈረሱስ? እሱም መሬቱን በኮቴው ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መሬቱ ደግሞ ፈረሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ ከጋሪው የኋላ ጉተታ ከበለጠ ፈረሱ ይራመዳል። ፈረሱን በሚያንሸራትት በረዶ ላይ አቁሙት፤ ያለውን ጉልበት ሁሉ ቢያወጣ እንኳ መሬቱ ሊገፋው ስለማይችል ጋሪውን አያነቃንቀውም።

መምህራንም ጭምር የምንሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ስበት ወደ ታች፣ የጠረጴዛው ግፊት ወደ ላይ፣ እኩል ናቸው። ይህ የሦስተኛው ሕግ ምሳሌ ሆኖ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አይደለም። ሁለቱም ያረፉት በመጽሐፉ ላይ ነው፤ እኩል የሆኑትም መጽሐፉ ስላልተንቀሳቀሰ፣ በመጀመሪያው ሕግ ነው። “መሬት መጽሐፉን ሳበችው” ለሚለው ጥንዱን ስትፈልጉ ገፊና ተገፊውን አገላብጡ፦ “መጽሐፉ መሬትን ሳባት።” አዎ፣ ይስባታል፤ በዚያው ልክ። መሬት ስትንቀሳቀስ የማናየው መጠነ ቁሷ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ ነው። የጭነት መኪናና ትንሽ መኪና ሲጋጩም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም ላይ የሚያርፈው ኃይል እኩል ሲሆን የትንሿ የፍጥነት ለውጥ ግን እጅግ ይበልጣል፤ ጉዳቱም በዚያው ይከተላል።

“ጠፈር ላይ ስበት የለም”

ጠፈርተኞች ሲንሳፈፉ ስላየን እናምናለን። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከመሬት ገጽ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ስበት የሚቀንሰው ከመሬት እምብርት ባለው ርቀት ካሬ ነው፤ እምብርቱ ድረስ ደግሞ ከእግራችን ሥር 6,370 ኪሎ ሜትር አለ። 6,370ን ለ6,770 አካፍሉና ካሬውን ውሰዱ፤ 0.885 ይመጣል። በ9.8 ብታባዙት 8.7 ገደማ ነው። ዘጠኝ እጁ ከአሥሩ ስበት እዚያው አለ ማለት ነው! ባይኖር ኖሮ ጣቢያው ቀጥ ብሎ በሄደና በጠፋ ነበር። የሚንሳፈፉት ጣቢያውም እነሱም በአንድነት እየወደቁ ስለሆነ ነው። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ስለሚጓዙ፣ በወደቁ ቁጥር ክቧ መሬት ከሥራቸው ትጎብጣለች፤ መውደቃቸው አያልቅም።

ከዚሁ ጋር የመጠነ ቁስና የክብደት መምታታት አለ። 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ጨረቃ ላይም 60 ኪሎ ግራም ነው። ክብደቱ ግን ኃይል ስለሆነ በኒውተን ይለካል፤ መሬት ላይ 588፣ ጨረቃ ላይ 97 ገደማ።

“ከደከመኝ ሥራ ሠርቻለሁ”

በፊዚክስ ሥራ ማለት ኃይል በኃይሉ አቅጣጫ ከተሄደው ርቀት ጋር ሲባዛ ነው። ሻንጣ ይዞ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው በሻንጣው ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ድካሙ ውሸት አይደለም፤ ጡንቻው በውስጡ ኢነርጂ እያቃጠለ ነው፣ ግን ያ ኢነርጂ ወደ ሻንጣው አልተላለፈም።

“በ60 ሄጄ በ40 ከተመለስኩ አማካዩ 50 ነው”

መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ይሁን። ሲሄዱ 2 ሰዓት፣ ሲመለሱ 3 ሰዓት። 240 ለ5 ሲካፈል 48 ነው። በዝግታው ረዘም ያለ ጊዜ ስለቆየን አማካዩ ወደዚያ ያደላል።

“ብረት ከእንጨት ይልቅ ቀዝቃዛ ነው”

አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ ብረትና እንጨት የሙቀት መጠናቸው እኩል ነው። ብረቱ የሚቀዘቅዘን ከእጃችን ሙቀት በፍጥነት ስለሚወስድ ነው፤ ቆዳችን የሚያውቀው በዋናነት ሙቀት የሚወጣበትን ፍጥነት እንጂ የዕቃውን የሙቀት መጠን አይደለም። ሙቀትና የሙቀት መጠን ሁለት ነገር መሆናቸውን የፈላ ውሃም ያሳየናል። በባሕር ጠለል ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ የሚፈላ ውሃ እሳቱ ቢጨመርበትም ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አያልፍም። የሚገባው ሙቀት የሚውለው ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ነው፤ ለ1 ኪሎ ግራም ውሃ ወደ 2.26 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ የሚከፋውም ይህንኑ ኢነርጂ ቆዳ ላይ ስለሚያራግፍ ነው።

“አምፖሉ ኮረንቲውን ይበላዋል”

በአንድ መስመር በተያያዘ ዑደት ወደ አምፖሉ የገባው ኮረንቲ ሳይጎድል ይወጣል። አምፖሉ የሚወስደው ኢነርጂን ነው። ሁለት አምፖል ተከታትለው ሲያያዙ ፊተኛው ቀድሞ ስለሚያገኝ ይበልጥ ይበራል የሚል ተማሪ ካለ አምሜትር (የኮረንቲ መለኪያ) ይያዝና ከመጀመሪያው በፊት፣ ከመካከል፣ ከሁለተኛው በኋላ ይለካ። ሦስቱም ንባብ አንድ ነው። ኤሌክትሮኖቹም ከማብሪያው ወደ አምፖሉ እየሮጡ አይደርሱም፤ በተለመደው የመዳብ ሽቦ ውስጥ አማካይ ጉዟቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር በሴኮንድ ያነሰ ነው። መብራቱ ወዲያው የሚበራው ሽቦው አስቀድሞ በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነና የሚያንቀሳቅሳቸው የኤሌክትሪክ መስክ በሽቦው ዙሪያ እጅግ ፈጥኖ ስለሚደርስ ነው።

በዚሁ ምዕራፍ ሬዚስታንስ (ሽቦው ለኮረንቲው የሚያሳየው ተቃውሞ) = ቮልቴጅ ÷ ኮረንቲ የሚለው ቀመር ይመጣል። “ቮልቴጁን እጥፍ ባደርገው ሬዚስታንሱ እጥፍ ይሆናል?” ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙ እጅ “አዎ” ብሎ ይነሣል። የሙቀት መጠኑ ሳይለወጥ የኦም ሕግን የሚከተል ሽቦ ከሆነ ግን ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ኮረንቲውም እጥፍ ይሆናል፤ 6 ለ2 ሲካፈል 3 ነው፣ 12 ለ4 ሲካፈልም 3። ሬዚስታንሱን የወሰኑት የሽቦው ርዝመት፣ ውፍረት፣ የተሠራበት ቁስና የሙቀት መጠኑ ናቸው። ቀመሩ ሬዚስታንሱን እንዴት እንደምንለካው ነገረን እንጂ አልፈጠረውም። መጠነ ቁስ = ኃይል ÷ ፍጥንጥነት የሚለውን ሲጽፍም ተማሪው እንዲሁ ያንብበው፤ ኳሷን አጥብቀን ስለወረወርናት መጠነ ቁሷ አልጨመረም።