ማኅበራዊ መገኘት ምንድን ነው?

ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ የክፍሏ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሦስተኛው ጥያቄ አልገባኝም፤ የገባው አለ?» ብላ ትጽፋለች። ግሩፑ 60 ሰው አለው። ብዙዎቹ አይተው አልፈዋል። ጠዋት ስትነሳ መልስ የለም፤ መልእክቷን ታጠፋዋለች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

ይህች ልጅ ስልክም ኔትወርክም አልጎደላትም። ያጣችው የትምህርት ተመራማሪዎች «ማኅበራዊ መገኘት» የሚሉትን ነው፦ ከስክሪኑ ማዶ ሰው እንዳለ፣ እሷም ለእነሱ ሰው እንደሆነች የሚሰማትን ስሜት።

ሐሳቡ ከኦንላይን ትምህርት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሾርት፣ ዊሊያምስ እና ክሪስቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በስልክና በቪዲዮ ስለሚደረግ ግንኙነት ሲጽፉ አነሱት። ለእነሱ ጉዳዩ የመሣሪያው ነበር፤ ፊትና ድምፅ በቀነሰ ቁጥር ሰውየውም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ግን ካናዳ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጋሪሰን፣ አንደርሰን እና አርቸር በጽሑፍ ብቻ የሚማሩ ሰዎችን ውይይት ይዘው ሌላ ነገር አሳዩ። በጽሑፍም መቀራረብ ይቻላል፤ ወሳኙ ሰዎቹ የሚያደርጉት ነው።

ምን ያደርጋሉ? ሰላም ይባባላሉ። ጓደኛቸው የጻፈውን አንስተው ይቀጥላሉ። «እኛ» ይላሉ። ደግሞም በስም ይጠራራሉ። እኔ ከሁሉም ይህን አስበልጣለሁ። ክፍል ውስጥ ስማችን ሲጠራ «አቤት» እንላለን፤ መኖራችን ታወቀ ማለት ነው። መምህሩ «ሄለን ትናንት ያነሳሽው ነጥብ ጥሩ ነው፣ እስቲ ቀጥዪበት» ብሎ ሲጽፍ ያው ነገር ይሆናል። «ውድ ተማሪዎች» ሲል ግን ማንም አቤት አይልም።

መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ብዙ ቦታ የሆነው ፒዲኤፍ ለጥፎ መሄድ ነበር። ትምህርቱ ደረሰ፤ ሰው አልደረሰም።

አንዳንድ መምህራን መፍትሔው ካሜራ ማስከፈት ይመስላቸዋል። እኔ አልስማማም። ዳታ ውድ ነው፤ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚማርም አለ። የአንድ ደቂቃ ድምፅ መልእክት ከዚያ ይበልጣል። ጨዋታ ብቻውንም አይበቃም። ካናዳውያኑ ማኅበራዊ መገኘትን ከመምህሩ መገኘትና ከማሰብ ሥራው ነጥለው አላዩትም፤ የተቀራረብነው ደፍረን እንድንጠይቅ፣ «እዚህ ላይ አልስማማም» እንድንባባል ነው።

መምህር ከሆንክ ከዚህ ጀምር፦ 60ውን አምስት አምስት አድርገህ ክፈላቸው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ለመተዋወቂያ ተውላቸው። በአምስት ሰው ግሩፕ አንዷ ሁለት ቀን ዝም ካለች «ምነው ጠፋሽ?» የሚላት አይጠፋም።