«እባብ ያየ በልጥ በረየ»፦ ልጥ ለምን እባብ መሰለ?

እናቴ ከጭራሮ ክምር ሥር እባብ ያየችው እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ቤታችን ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው በኩል ነበር፤ ግቢው ዙሪያውን ባሕር ዛፍ። እባቡ አልነካትም። ተንሸራቶ ካቡ ውስጥ ገባና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት ያህል መሬት ላይ የተጠቀለለ የባሕር ዛፍ ልጥ ባየች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ ኋላ ትሸሽ ነበር። ጎረቤቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያሉ ይሥቃሉ። እሷም አብራ ትሥቃለች። እኔን ግን ያ ሣቅ ያንገበግበኝ ነበር፤ ተረቱን ዛሬም የምመረምረው በዚያ ምክንያት ነው።

«በረየ» በዕለት ንግግራችን ብቻውን እምብዛም አይሰማም። በረገገ፣ ደንብሮ ሸሸ ማለት ነው። «ያየ» እና «በረየ» ቤት ስለሚመቱ ቃሉ ከተረቱ ሳይወጣ ቆየልን። «ልጥ» ደግሞ «ላጠ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ልጣጭም ከዚያው ነው። ከዛፍ ግንድ በረጅሙ ተገፍፎ ለማሰሪያ የሚውል ቅርፊት ነው። ሚስማርና ሲባጎ በየሱቁ ሳይሞላ አጥሩ የሚጠፈረው፣ የጎጆው ማገር የሚታሰረው፣ የእንጨቱ ሸክም የሚጠበቀው በልጥ ነበር። ግራርና ለንቋጣ ለዚህ ይፈለጋሉ። የተረቱ መነሻ እዚህ ላይ ነው። ልጥ በየጓዳውና በየደጁ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ፣ እጅ በየቀኑ የሚነካው ዕቃ ነበር። እባብ ያየ ሰው ታዲያ የሚሸሸው ከሩቅ ነገር አይደለም፤ በገዛ ቤቱ ካለው ማሰሪያ ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው፣ ትውልዱ አውስትራልያ የሆነው ነጭ ባሕር ዛፍ ማንም ሳይልጠው ራሱን ይልጣል። ቅርፊቱ በረጃጅሙ እየተገነጠለ ይንጠለጠላል፣ ይወድቃል፣ ደርቆ ይጠመዘዛል። በእንጦጦ ቁልቁለት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በእንዲህ ዓይነቱ ልጥ ላይ ሲረማመዱ ይውላሉ።

ተረቱ የሚነገረው አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር ሲጠራጠር ነው። በኛ ሰፈር ለቦታ የከፈለውን ቀብድ ደላላ ይዞበት የጠፋ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ የዕድር መዋጮ ደረሰኝ እንኳ ሲሰጡት ማኅተሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሳያይ አይቀበልም። ሰዉ ያንኑ ተረት ይጥልበታል። ልብ በሉ፣ ተረቱ «እባብ የነደፈው» አይልም፤ «ያየ» ነው የሚለው። ማየት ብቻ ይበቃል። ይህን የመረጠው ሰው ፍርሃትን በደንብ ያውቅ ነበር እላለሁ።

ካደግሁ በኋላ አንድ የጥቅምት ጠዋት ከዚያው ካብ ድንጋዮች መካከል እባብ የጣለው ቆዳ አገኘሁ። አጠገቡ የባሕር ዛፍ ልጥ ወድቋል። ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ፤ ቀለማቸው አንድ፣ ድርቀታቸው አንድ፣ ሲነኩ የሚያሰሙት መንኮሻኮሽ አንድ። አማርኛችን ራሱ የዛፉንም የእባቡንም «ቅርፊት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ሥሪታቸው ግን ለየቅል ነው። የልጡ አካል የእንጨት ጭረት ነው። የእባቡ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ፀጉራችንና ጥፍራችን፣ የበሬ ቀንድና ሰኮናም ኬራቲን ናቸው። ከቆዳው ሥር የሚወለዱ ሕዋሳት ወደ ላይ እየተገፉ ሲመጡ ውስጣቸው በዚህ ፕሮቲን ይሞላል፣ ይደርቃሉ፣ ሞተው እንደ ስስ ገጽ ይደራረባሉ። የፕሮቲኑን ክሮች አጥብቆ የሚያስተሳስራቸው ድኝ ነው። ለዚህም ነው ቁራሹን እሳት ላይ ብትጥሉት ለበዓል እንደሚለበለብ የበግ እግር የሚሸተው፤ ልጡ የሚሸተው እንጨት እንጨት ነው።

የእኛ ኬራቲን አልፋ የሚባለው፣ የሚለጠጠውና የሚተጣጠፈው ዓይነት ነው። ተሳቢ እንስሳትና አእዋፍ በዚያ ላይ ቤታ የሚባል ጠንከር ያለ አላቸው፤ ዶሮ በፈላ ውኃ ተነክራ ላባዋ ሲነጭ ከእግሯ ላይ የሚላጠው ቅርፊት የዚህ ወገን ነው። በእባብ ላይ ቅርፊቱን ቤታው ያጠነክረዋል፤ በቅርፊቶቹ መካከል ያለው እጥፋት ግን በአብዛኛው አልፋ ነው። ጋሻ ለብሶ እንደ ገመድ የሚጠቀለለው በዚህ ነው። ኤሊም ላይኛው ልብሷ ኬራቲን ነው፤ ከሥሩ ግን ከጎድንና ከአከርካሪዋ ጋር የተዋሐደ አጥንት አለ። የአዞ ጀርባም ከቅርፊቱ ሥር የአጥንት ጠፍጣፋዎች አሉት።

የሞተ ልብስ አያድግም፤ እባቡ ግን ያድጋል። ስለዚህ አዲሱ ቆዳ ከሥር ተሠርቶ እስኪያልቅ አሮጌው ከላይ ይጠብቃል። በመካከላቸው ፈሳሽ ሲገባ የእባቡ ዓይን ይደበዝዛል፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚሸፍነውም እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ነውና። ዓይኑ ከጠራ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከንፈሩን ከሻካራ ነገር ጋር ይፈትጋል፣ ቆዳው ከአፉ ጀምሮ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ይወጣል። ካብ ለዚህ የሚመች ነው፤ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ሌላው ተረታችንም እባቡን እዚያው ያስቀምጠዋል። ቀለሙ በአብዛኛው ከሥር ካለው ቆዳ ጋር ስለሚቀር የተጣለው ልብስ ይገረጣል። እጥፋቱ ስለሚዘረጋም ከባለቤቱ ይረዝማል። ልጥ የሚመስለው እንዲህ ሆኖ ነው።

ያገኘሁትን ቆዳ ለእናቴ ወሰድሁላት። በሁለቱ ዓይኖች ቦታ የቀሩትን ጥቃቅን ክቦችና በሆዱ በኩል በአንድ ረድፍ የተደረደሩትን ሰፋፊ ቅርፊቶች አሳየኋት፤ ልጥ ላይ እነዚህ የሉም። በጣቷ ጫፍ ነካችው። «እንግዲያው ጅል አልነበርኩማ» አለችኝ፣ «ልጥ የሚመስል የእባብ ልብስ አለ ለካ!»

አሁንም ጭራሮ ስትለቅም በግራ እጇ አጭር በትር ትይዛለች። ልጡን መጀመሪያ በበትሩ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ ታነሣዋለች፣ እንጨቷንም በእሱ ታስራለች።