የአእምሯዊ ንብረት ድጋፍ ምንድን ነው?

ሦስት ጓደኛሞች ልጆችን ሂሳብ የሚያስተምር አፕ ሠሩ እንበል። አንዱ ኮድ ይጽፋል። አንዷ ገንዘቡንና ገበያውን ትይዛለች። ሦስተኛው ጥያቄዎቹን ያዘጋጃል። ልጆቹ አፑን የወደዱት ግን በአንዲት ጥንቸል ምክንያት ነው። መልሱን ሲያገኙ ትዘላለች፤ ሲሳሳቱ ጆሮዋን ትጥላለች። ጥንቸሏን የሳለቻት በግሏ የምትሠራ ሠዓሊ ናት። በቻት ተነጋገሩ፣ ክፍያዋን ላኩላት፣ እሷም ፋይሉን ላከችላቸው። ተመሰጋግነው ተለያዩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ገንዘብ ሊያስገባ የፈለገ ባለሀብት ከነጠበቃው መጣ። ጓደኛሞቹ የተጠቃሚውን ቁጥር፣ ወጪውንና ገቢውን አዘጋጅተው ጠብቀዋል። ጠበቃው ግን ስልኩን ከፍቶ ጥንቸሏን በጣቱ እያሳየ፣ "ይቺ የማን ናት?" አለ።

"የኛ ናታ! ከፍለንባታል።"

"ውሉን ላየው?"

ውል የለም። ያለው የቻት መልእክትና የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት፣ ሥዕል ያሣለ ሰው የሚያገኘው ሥዕሉን የመጠቀም ፈቃድ ነው። የቅጂ መብቱ ሠዓሊዋ ጋ ይቀራል፣ ማስተላለፏን በጽሑፍ ካልፈረመች በቀር። መብቱን ላሠራው ሰው የሚሰጡ አገሮችም አሉ። መልሱ እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጥያቄው ግን የትም ይጠየቃል።

አእምሯዊ ንብረት ሰው በአእምሮው የፈጠረው ሥራ፣ ሥዕሉ፣ ኮዱ፣ ስሙ፣ ፈጠራው ነው። የአእምሯዊ ንብረት ድጋፍ ማለት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ባለሀብቱ ከመምጣቱ በፊት አብሯችሁ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ነው። ድጋፉ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣል። አንዳንዱ ምክር ነው፤ አንዳንዱ ሥልጠና። የውል ናሙና የሚሰጥ አለ፣ የማመልከቻ ክፍያ የሚቀንስ አለ፣ ከጠበቃ የሚያገናኝም አለ። ሰጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የየአገሩ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ስታርትአፕ የሚያሳድጉ ማዕከላት ናቸው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሆነው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋይፖ፣ ደግሞ ለሁሉም የተከፈቱ መሣሪያዎች አሉት።

ብዙ ሰው ድጋፉን ከምዝገባ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። "ፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጥ መብት) ልናወጣ ነው" ብሎ ይመጣል። ጥሩ አማካሪ ግን ቅጽ ከማውጣቱ በፊት ቆጠራ ይጀምራል። ከድጋፉ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ቆጠራ ይመስለኛል።

አማካሪዋ አፑን ከፍታ ከጓደኛሞቹ ጋር ተቀመጠች እንበል። በመጀመሪያ ስሙን አየች። ስም የሚጠበቀው በንግድ ምልክት ነው። ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) መግዛት ወይም ኩባንያውን በዚያ ስም ማስመዝገብ የንግድ ምልክት ባለቤት አያደርግም፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በዕቃና በአገልግሎት ዓይነት ተለይቶ ነው። የኒስ ምደባ የሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር 45 ክፍሎች አሉት። የሚወርድ ሶፍትዌር 9ኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ የማስተማር አገልግሎት 41ኛው ውስጥ። በአንዱ ክፍል ብቻ ተመዝግቦ በሌላው ክፍት መቅረት ይኖራል። ምዝገባው በአብዛኞቹ አገሮች ለ10 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ እየታደሰ ይቀጥላል። ከሁሉ በፊት ግን ፍለጋ አለ። የዋይፖ የብራንድ ዳታቤዝ በነጻ ይገኛል። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሰው ቀድሞ ከተገኘ፣ ሎጎው ሳይታተም ስም መቀየር ትንሽ ራስ ምታት ነው። መቶ ሺህ ተጠቃሚ ከመጣ በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ኮዱ። ከዓለም ንግድ ድርጅት ጋር የመጣው የትሪፕስ ስምምነት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ያዛል። የቅጂ መብት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ስምምነት መሠረት ያለ ምንም ምዝገባ፣ ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል። ኮዱ የተጻፈ ዕለት መብቱ ተወልዷል። የማን ነው የሚለው ግን አሁንም አለ። ኮድ የሚጽፈው ልጅ ያኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር? በዚያ መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነው የጻፈው? የቅጥር ውሉ ምን ይላል? እነዚህ ጥያቄዎች ጓደኛሞችን ያሳፍራሉ፤ ሳይጠየቁ ከቀሩ ግን ጓደኛሞችን ያጣላሉ።

ኮዱ ውስጥ ሌሎች ሰዎች የጻፉትም አለ። ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምበት በፈቃድ የተከፈተ ኮድ፣ ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ የባለመብቱን ማስታወቂያና የፈቃዱን ጽሑፍ ከመጠበቅ ያለፈ ብዙ አይጠይቅም። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ግን የተቀላቀለበትን ፕሮግራም ለሌላ ስታሰራጩ ምንጭ ኮዱን በዚያው ፈቃድ እንድትሰጡ ይጠይቃል። ኮዳችንን ዘግተን እንሸጣለን የሚል ስታርትአፕ ይህን በመጨረሻው ሰዓት ቢሰማ ይደነግጣል። ፎንቱም፣ ከኢንተርኔት የወረደው የጀርባ ሙዚቃም እንደዚሁ ፈቃዳቸው አንድ በአንድ ይታያል። በኤአይ የተሠራ ምስል ካለም ይጻፍ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ለምሳሌ ሰው ያልፈጠረውን ሥራ አይመዘግብም። እንዲህ ያለው ምስል የብራንዳችሁ ዋና ፊት ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሲወስደው የምትከራከሩበት ነገር ላይኖራችሁ ይችላል።

"ሐሳቡስ? ሐሳባችንን ቢሰርቁንስ?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ሐሳብ ብቻውን በቅጂ መብት አይጠበቅም። ልጆችን በጥንቸል ሂሳብ ማስተማር ማንም ሊያስበው ይችላል። የሚጠበቀው ሐሳቡ የወጣበት መልክ ነው፦ የተጻፈው ኮድ፣ የተሳለው ሥዕል፣ የተቀዳው ድምፅ። አዲስ ቴክኒካዊ መፍትሔ ካለ ፓተንት ይታሰባል፤ ጥበቃው በአጠቃላይ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አፕ ለፓተንት አይበቃም። የሚበቃው ደግሞ በወሬ ይበላሻል። በአውሮፓ ሥርዓት ፈጠራው ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከተገለጠ አዲስነቱን ያጣል። አሜሪካ የአንድ ዓመት ዕፎይታ ትሰጣለች፤ ሁሉም አገር ግን እንደሷ አይደለም። ውድድር ላይ ወጥቶ ፒች ያደረገ፣ ማለትም ሥራውን ለታዳሚ ያቀረበ ልጅ፣ እያጨበጨቡለት ፓተንቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማመልከት፣ ከዚያ መድረክ ነው። አንድ አገር ካመለከቱ በኋላ ስለ ፓተንትና ንግድ ምልክት የተፈረመው የፓሪስ ስምምነት (የአየር ንብረቱ አይደለም) ሌሎች አገሮች ለማመልከት ለፓተንት 12 ወር፣ ለንግድ ምልክትና ለንድፍ 6 ወር ይሰጣል።

ዝም ብሎ የሚጠበቅ ሀብትም አለ። የትኛው ልጅ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚቸገር የሚለየው ቀመር የንግድ ሚስጥር ሊሆን ይችላል። ምዝገባ አይፈልግም። የሚፈልገው ሚስጥሩን እንደ ሚስጥር መያዝን ነው። ፓስወርዱ ለሁሉም በግሩፕ ከተላከ፣ የወጣ ሠራተኛም እስከ ዛሬ መግባት ከቻለ፣ ፍርድ ቤት ሚስጥር ነበር ብሎ ለማመን ይቸገራል።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ የገንዘብ ነገር ይመጣል። እዚህም ድጋፍ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ከምዝገባ ክፍያ ከፊሉን በቫውቸር ይመልሳል። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ትንንሽ ድርጅቶች አብዛኛውን ክፍያ በ60 በመቶ፣ በጣም አነስተኛ ለሆኑት በ80 በመቶ ይቀንሳል። ዋይፖ አቅም የሌላቸውን ፈጣሪዎች በነጻ ከሚሠሩ የፓተንት ጠበቆች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አለው፤ የሚሠራው ግን በተወሰኑ አገሮች ነው። የራሳችሁን ሁኔታ ቤት ተቀምጣችሁ ለመፈተሽ ደግሞ የዋይፖ የአእምሯዊ ንብረት ምርመራ መሣሪያ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ጥያቄ ይጠይቃል፣ በመልሳችሁ መሠረት ሪፖርት ይሰጣል። ለመጀመሪያ ቀን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማመልከቻችሁ ለሕዝብ ሲወጣ አድራሻችሁም አብሮ ይወጣል። ያኔ ኦፊሴላዊ የሚመስል የክፍያ ደብዳቤ ከማታውቁት ድርጅት ሊደርሳችሁ ይችላል። ዋይፖ ራሱ ስለ እነዚህ ሐሰተኛ ደብዳቤዎች ያስጠነቅቃል። ከመክፈላችሁ በፊት ያመለከታችሁበትን ቢሮ ጠይቁ።

ድጋፉ የማያደርገውም አለ። የቢሮ አማካሪ ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርላችሁም። የንግድ ምልክቱ ይጸድቃል ብሎም ቃል አይገባም። መብት ሲጣስ የሚከሰው ባለመብቱ ነው። አንዳንድ ጠብ ግን ክስ ላይ ሳይደርስ በሽምግልና ይፈታል፤ ዋይፖም ለዚህ የተቋቋመ የግልግልና የሽምግልና ማዕከል አለው።

ወደ ጥንቸሏ እንመለስ። አማካሪዋ ለጓደኛሞቹ የሰጠቻቸው የቤት ሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ የመብት ማስተላለፊያ ውል። የትኛው ሥዕል እንደሆነ፣ የትኞቹ መብቶች እንደሚተላለፉ፣ ለየትኞቹ አገሮችና ለስንት ጊዜ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ይጻፍበታል። ጥንቸሏን ነገ አሻንጉሊት ወይም የካርቱን ፊልም ለማድረግ ካሰቡም በግልጽ ይጻፍ። "ሠዓሊዋንም አማካሪ እንድታነጋግር ንገሯት" አለቻቸው። ይህን የምታስታውስ አማካሪ ጥሩ አማካሪ ናት። ሠዓሊዋም የፈጠራ ባለሙያ ናት፤ ድጋፉ ለሷም ነው።

ሠዓሊዋ ረቂቁን አንብባ ሁለት ነገር ጠየቀች። የመጀመሪያው ስሟ አፑ ላይ እንዲጻፍ ነው። ይህን ስም የመጠራት መብት የበርን ስምምነት ገንዘብ ነክ መብቷን ካስተላለፈች በኋላም ይጠብቅላታል። ሁለተኛው፣ ጥንቸሏ አሻንጉሊት ከሆነች ከሽያጩ ድርሻ እንዲኖራት ነው። ጓደኛሞቹ ተያዩ። ገበያውን የምትይዘው ካልኩሌተሯን አወጣች። በመቶ ስንት እንደሚሆን ሲነጋገሩ አመሹ፤ ቁጥሩንም ውሉ ላይ ጻፉት።