መስመር የሚናገርበት ጥበብ፦ ዲጂታል የገጸ ባሕርይ ሥዕል በጎጃም

ዲጂታል የገጸ ባሕርይ ሥዕል ማለት ሰውን፣ እንስሳን ወይም ከምናብ የተወለደን ፍጡር በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒውተር መሣል ነው። የልጆች መጽሐፍ ላይ የምትስቀው ጦጣም፣ ቴሌግራም ላይ የምንላላከው ስቲከርም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሥራው ብዙ ደረጃ አለው። ገጸ ባሕርዩ ነፍስ መዝራት አለመዝራቱ የሚታወቀው ግን ላይን አርት በሚባለው ደረጃ ላይ ነው። ላይን አርት ከንድፉ ቀጥሎ የሚሠራው ንጹሕ የመስመር ሥዕል ነው። ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ መስመር ነው። ጎጃም ደግሞ መስመርን ከኮምፒውተሩ በፊት፣ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

ግድግዳውና ብራናው

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው ቡናው ጫካ ውስጥ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ደቅ ደሴት ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው ቀለሙን ነው። የሚሥል ሰው ግን ጠጋ ብሎ ጥቁሩን መስመር ቢያይ ይሻለዋል። አገጩ፣ ጣቱ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ በዚያ መስመር ተለይቷል። መስመሩ ቢነሳ ሥዕሉ ይፈርሳል።

በዚህ የአሣሣል ባህል የታወቀ ሕግ አለ። ደጉ ሰው ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይቀራል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ፈልጉት፤ ማንም ሳይነግራችሁ ታገኙታላችሁ። ማንበብ የማይችል ምእመን ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ዛሬ ካራክተር ዲዛይን (የገጸ ባሕርይ አቀራረጽ) የምንለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መጀመሪያ ይነድፋል፣ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፣ ጥቁሩን መስመር መጨረሻ ላይ ይመልሰዋል። ዲጂታል ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ መስመሩን ያስቀድማል። ደግነቱ ሌየር የሚባል ነገር አለ። ሌየር እንደ መስታወት እርስ በርሱ የሚደራረብ ገጽ ነው። መስመሩ ከላይ ባለው ገጽ ላይ ይቀመጥና ቀለሙ ከሥሩ ይገባል። ስለዚህ የቱ ቀደመ የሚለው ክርክር ስክሪን ላይ ብዙም ትርጉም የለውም።

ብራናውም የራሱ ትምህርት አለው። የመቃ ብዕር አፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ታች ሲሳብ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የግእዝ ፊደል እግሩ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው። የሥዕል ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው የካሊግራፊ ብሩሽ የሚሠራውም ልክ እንደዚያው ነው። የመጽሐፍ ራስጌ ላይ የሚሣለው ሐረግ ደግሞ ለእጅ ልምምድ ወደር የለውም። አንዱ ክር በሌላው ሥር ገብቶ በላይ ይወጣል። አንድ ሐረግ ሳያቋርጡ ለመገልበጥ የሞከረ ሰው እጁ የት ላይ እንደሚንቀጠቀጥ ወዲያው ያውቃል።

ከቤተ ክርስቲያን የወጣ መስመር ሩቅ መሄዱ አዲስ አይደለም። ቢቸና አካባቢ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሠለጠኑት የቄስ አዳሙ ተስፋው ሥራዎች ሎስ አንጀለስ ያለው ፋውለር ሙዚየም ድረስ ታይተዋል።

መሣሪያ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ባለው ስልክ ነው። አይቢስ ፔይንት የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ስልክ ላይ ይሠራል። ክሪታ ኮምፒውተር ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። ፕሮክሪኤት አይፓድ ይፈልጋል፤ ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል እኛ አገር ካርዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለጀማሪ ክሪታ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ብዕሩ ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ የስልክ ብዕር የእጅን ጫና አይለይም። ጠበቅ ብታደርጉትም፣ ላላ ብታደርጉትም መስመሩ ያው ነው። የዋኮም ወይም የሁዮን ዓይነት የሥዕል ታብሌት ግን ጫናውን ይለካል፤ ብዙዎቹ እስከ 8192 ደረጃ ድረስ። ይህን ሁሉ ደረጃ እጅ ይለየዋል ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ስትጫኑ መወፈሩ፣ ስታላሉ መቅጠኑ ነው።

የእጁ ሥራ

የጀማሪ ሥዕል ገና ከሩቅ ይታወቃል። ጸጉራም ነው። አንዱን ጉንጭ ለመሣል አሥር ትንንሽ ጭረት ይደረደራል። ችግሩ ፍርሃት ነው፤ እጁ መስመሩን እየዳሰሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ መሣል ነው። መነሻውንና መድረሻውን በዓይን ያዙ፣ እጁን ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ላይ አመላልሱት፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ካልሆነ ‹አንዱ› አለላችሁ። አማርኛ አይደለችም፤ የተሣለውን ወደ ኋላ የምትመልሰው ቁልፍ ናት። አንዱን መስመር አሥራ አምስት ጊዜ አጥፍቶ መሣል ነውር የለውም።

የሚንቀጠቀጥ እጅን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር የሚባል ማስተካከያም አለ። ጥቂቱ ይጠቅማል። ሲበዛ ግን መስመሩ የተተኮሰ ሸሚዝ ይሆናል፤ ንጹሕ ነው፣ ሰው ግን የለበትም።

የንድፉን ሌየር ወደ 20 ወይም 30 በመቶ አደብዝዛችሁ በላዩ አዲስ ሌየር ክፈቱ። አሁን ውፍረቱን ማከፋፈል ነው። ከአገጭ ሥር፣ ክንድ ደረት ላይ ሲያርፍ፣ ጫማ መሬት ሲነካ፣ አንዱ ነገር ሌላውን ሲጋርድ መስመሩ ይወፍራል። ብርሃን በሚያርፍበት በኩል ይቀጥናል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። ቁራጩን የተመልካች ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ሥዕሉን በየጊዜው ግራ ቀኝ መገልበጥም ልማድ ይሁን። ለሁለት ሰዓት ስታዩት የቆያችሁት ፊት ሲገለበጥ አንዱ ዓይኑ ከሌላው ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሁሌም።

ፊት

ፊት መሣልን ለመማር የውጭ አገር የስሜት ሰንጠረዥ የሚያወርድ ሰው ብዙ ነው። አይከፋም። እኔ ግን አማርኛው ራሱ የተሻለ ሰንጠረዥ ይመስለኛል። «ግንባሩን ቋጠረ» እንላለን። ቋጠሮ ሁለት ጫፍ አለው። ቅንድቦቹ ወደ መሃል ተስበው የተጠላለፉበት ቦታ ላይ ሁለት አጭር ቁም መስመር ማለት ነው። «ለንቦጩን ጣለ» ስንል የታችኛው ከንፈር ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ከከንፈሩ ሥር አንዲት ወፍራም ቅስት በቂ ናት። «ዓይኑ ፈጠጠ» ከሆነ ብሌኑ የዓይኑን ቆብ አይነካም፤ ዙሪያውን ነጭ ይታያል። ከንፈር መምጠጥ ደግሞ የኛው ነው። ሐዘን ሲሰማ አፍ ይጠባል፣ ጉንጭ ትንሽ ይሰረጉዳል፣ ራስ ወደ ጎን ያዘነብላል። ይህን የውጭ ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

አንገትም ይናገራል። ልጅ ታላቅ ፊት ሲቆም አንገቱን ይደፋል። እዚህ ላይ ፊቱን በዝርዝር መሣል አያስፈልግም። ከማጅራት እስከ ጀርባ የሚወርደው አንድ ጎባጣ መስመር ሁሉን ይናገራል። ገጸ ባሕርይ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትሥሉት ከራስ እስከ እግር የሚያልፈው አንድ መስመርም ለዚሁ ነው። እስክስታ የሚመታ ጎጃሜ ስትሥሉ እግሩን አጥብቃችሁ ተክሉት፤ ጉልበቱ ያለው ትከሻና አንገት ላይ ነው። የትከሻው መስመር ቢደረብ ወይም ቢቋረጥ ምቱ ይሰማል። እንደ ደረቱ ድርቅ ብሎ ከተዘጋ ግን ሰውየው ፎቶ ለመነሣት የቆመ ይመስላል።

ጋቢና ነጠላ

ልብስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጋቢንም ነጠላንም በአንድ ዓይነት መስመር ይሥላል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ከባድ ነው። እጥፋቱ ጥቂትና ሰፊ፣ መስመሩም ወፍራም መሆን አለበት። ነጠላ ቀጭን ስለሆነ ከትከሻ ተነሥቶ ብዙ ረጅምና የሚቋረጥ መስመር ይዞ ይወርዳል። እጥፋት ሁሉ መነሻ አለው፦ ትከሻ፣ ክርን ወይም የያዘው እጅ። መነሻ የሌለው እጥፋት ጭረት ብቻ ነው። ጥለቱን መጨረሻ ላይ ሥሩት፤ ከእጥፋቱ ጋር ካልታጠፈ የተለጠፈ ይመስላል። ሹሩባም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱን ጸጉር ከመቁጠር ይልቅ ጉንጉኑን የራስ ቅሉን ክብነት ተከትሎ ወደ ኋላ መሳብ ይሻላል።

ትምህርትና ሥራ

ሥዕል በመደበኛነት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ወዳለው፣ በ1950 ዓ.ም. ወደተከፈተው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም ደግሞ ፋሽን ዲዛይን ይሰጣል። የቀረነው ዩቲዩብ ነው ያስተማረን።

ሥራው ሲያልቅ ወደ ኅትመት ይሄዳል። ለወረቀት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ያዙ፤ ኤ4 ከሆነ 2480 በ3508 ፒክስል ማለት ነው። ቲሸርት ላይ የሚታተም ከሆነ ግን ቀጫጭኑን መስመር አወፍሩት። እኔ የመጀመሪያዬን ሳሳትም የገጸ ባሕርይዋ ሽፋሽፍት ሁሉ ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ እንደሚጠፋም የተማርኩት ያኔው ሰሞን ነው፤ የሦስት ሰዓት ሥራ ነበር። አሁን ክሪታ ራሱ በየአምስት ደቂቃው እንዲያስቀምጥልኝ አድርጌዋለሁ።