የመዝገብ ገጽ ስንሠራ ልክ የሚመስሉን ስህተቶች

ደሴም ኮምቦልቻም ውስጥ ለሱቅ፣ ለፋርማሲ፣ ለማህበር የመዝገብ ገጽ፣ ማለትም በብሮውዘር የሚከፈት መዝገብ፣ የሚሠሩ ወጣቶች ይደውሉልኛል። መመዝገብ፣ መፈለግ፣ ማስተካከል፣ መሰረዝ፤ ሥራው ይኸው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ ግምቶች ልጻፍላችሁ።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም»

ይሠራል። ዛምፕ (XAMPP) የሚባለውን፣ ገጹን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀርብ ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፤ ገጹ የሚጻፍበት ቋንቋ ፒኤችፒውም፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዙም አብሮ ይመጣል። የቢሮው ሌሎች ኮምፒውተሮች በዋይፋይ ራውተሩ በኩል ገጹን ይከፍቱታል። ኢንተርኔት የጠፋ ቀንም ሥራ አይቆምም።

«ስሙ ከተመዘገበ ሲፈለግ ይገኛል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ደሴ ውስጥ ለአንድ የቁጠባ ማህበር ገጽ ሠርቼ ነበር። አንዲት እናት ከኩታበር ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ጸሐፊዋ የአባታቸውን ስም «መሀመድ» ብላ ፈለገች። የለም። መዝገቡ ላይ ያለው «ሙሐመድ» ነበር። «ልጄ፣ ብሬ ጠፋ እንዴ?» አሉ። «አብሽሩ እናቴ» አለቻቸው፤ እጇ ግን ኪቦርዱ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው።

አሁን ስምን ሁለት ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) ላይ አስቀምጣለሁ። አንዱ ሰውየው እንደጻፈው ነው። ሌላው ለፍለጋ ብቻ ሲሆን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ይቀየሩበታል። የሚፈለገውም ቃል እንደዚያው ይቀየራል። «መ» እና «ሙ»ን ግን ይህ አያገናኛቸውም። ስለዚህ በስልክና በአባልነት ቁጥርም መፈለግ ይቻል። ስልኩን ደግሞ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አታስቀምጡት፤ የ09 ዜሮ ትጠፋለች።

«ቀኑን በኛ አቆጣጠር እንዳለ ማስገባት ይቻላል»

እስቲ ጥቅምት 30ን የቀን ኮለም ውስጥ አስገቡ። ለዳታቤዙ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ደግሞ የለም። 13ኛ ወርማ ጭራሽ አያውቅም። በፈረንጆቹ አስቀምጡና ገጹ ላይ ሲታይ ወደኛ ይቀየር።

«የቢሮ ገጽ ነው፣ ማን ይነካዋል?»

አንድ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል፣ መሐል ላይ ነጠላ ጥቅስ አስገብቶ ይጻፍ። ገጹ ስህተት አሳይቶ ከቆመ፣ ክፉ ያሰበ ሰውም በዚያው ቀዳዳ የራሱን ትዕዛዝ ሊያስገባ ይችላል። ሰው የጻፈውን ከኤስኪውኤል (ዳታቤዙ ከሚታዘዝበት ቋንቋ) ትዕዛዝ ጋር አትቀጥሉ፤ ትዕዛዙንና የተጻፈውን ለየብቻ የሚልከውን ፕሪፔርድ ስቴትመንት ተጠቀሙ።

«ሰርዝ ማለት ማጥፋት ነው»

የሰው ቁጠባ አይጠፋም። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት፣ ማን እንደሰረዘውና መቼ እንደሆነ ይመዝገብ።

«ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ የት ይሄዳል?»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ኮምፒውተር ከነመዝገቡ እንደሄደ አይተናል። ሁለቱ ከተሞች ተቀራራቢ ናቸው፤ የደሴን ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ብቻውን አያድንም። በየማታው ባክአፕ አውጡ፤ በይለፍ ቃል ቆልፋችሁ አንዱን ቅጂ ራቅ ያለ ከተማ ላኩ። በወር አንዴም መሥራቱን ለማረጋገጥ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ የአንድ አባል ስም ፈልጉበት።